ለኪሶ ተቃጠለች፣ ኢየሩሳሌም ተረፈች፦ የሰናክሬም ዘመቻ ታሪክ ምን ያህል ይታመናል?

ክቡራትና ክቡራን፣

የዛሬው ንግግሬ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 18 እና 19 ስለተጻፈው የአሦር ንጉሥ የሰናክሬም ዘመቻ ነው። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰናክሬም በይሁዳ ከተሞች ላይ ይዘምታል፤ ሹሙ ራፋስቂስ በኢየሩሳሌም ቅጥር ፊት ቆሞ ንጉሡንም አምላኩንም ይዘልፋል፤ የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ልብሱን ቀድዶ፣ ማቅ ለብሶ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ አትፍራ ብሎ ይልክበታል፤ በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ከአሦር ሰፈር 185,000 ሰው ይገድላል፤ ሰናክሬምም ወደ ነነዌ ተመልሶ በገዛ ልጆቹ እጅ ይወድቃል። በስብከት የምንሰማው ይኸው ነው።

በመካከሉ ግን ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ ምዕራፍ 18፣ ከቁጥር 14 እስከ 16። በእነርሱ ውስጥ ሕዝቅያስ ሰናክሬም ወደ ሰፈረባት የይሁዳ ከተማ ወደ ለኪሶ መልእክተኛ ልኮ በድያለሁ ይላል። ሰናክሬም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ይጥልበታል። ንጉሡም በቤተ መቅደሱና በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት የተገኘውን ብር ሁሉ ያስረክባል፤ አልበቃ ሲል ራሱ ያስለበጠውን የቤተ መቅደሱን ደጆች ወርቅ ልጦ ይሰጣል። እነዚህ ቁጥሮች በመድረክ ላይ ሲነበቡ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ በምዕራፍ 36 እና 37 ይህንኑ ታሪክ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ቅርበት ሲደግመው እነርሱን ብቻ ዘልሏቸዋል። መጽሐፈ ዜና መዋዕልም ስለ ክፍያው አንድ ቃል አይናገርም።

ዛሬ የምሟገተው ለእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ነው። የታሪኩ ተዓማኒነት ከሁሉ ይልቅ በእጅ የሚጨበጠው እዚህ ላይ ነው። እነርሱን ስንዘልል ደግሞ የአንዲት ከተማ መዳን እየተረክን የአንድ አገር መቃጠል እንረሳለን።

ወደ ዘመኑ ልግባ። የምጠራቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ የቁፋሮዎቹን ዓመታት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሰሜናዊው የእስራኤል መንግሥት በ722 ገደማ ጠፍቷል፤ ሰማርያ ተይዛ ከሕዝቧ ብዙው ተግዟል። ይሁዳ የተረፈችው የሕዝቅያስ አባት አካዝ ለአሦር ገብሮ ስለነበር ነው። በ705 ግን የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በጦር ሜዳ ተገደለ፤ ሬሳው እንኳን ለቀብር አልተገኘም። ያ ዜና ግዛቱን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። በባቢሎን መሮዳክ ባልዳን ተነሣ። በምዕራብ ሲዶና፣ አስቀሎና፣ አቃሮንና ይሁዳ አመፁ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 20 ከባቢሎን የመጡ መልእክተኞች የታመመውን ሕዝቅያስን ሲጠይቁ፣ እርሱም ግምጃ ቤቱንና የጦር ዕቃ ቤቱን ሲያሳያቸው እናነባለን። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ የጦር መሣሪያ የሚያይበት ምክንያት የለም። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት እዚያ ላይ የአመፅ ምክክር ያያሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ሕዝቅያስ ዝግጅቱን በሚገባ አከናውኗል፤ ምልክቱም ዛሬ በእግር የሚኬድበት ነው። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ የሚደርሰው የውኃ ዋሻ 533 ሜትር ርዝመት አለው። ሠራተኞቹ ከሁለቱም ጫፍ ጀምረው ዐለቱን እየፈለፈሉ መካከል ላይ ተገናኝተዋል። በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ የተገኘው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይህንኑ ይተርካል፤ ሊገናኙ ጥቂት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ ወገን የሌላውን ድምፅ እንደሰማ ይናገራል። ጽሑፉ ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው ያለው። የንጉሥ ስም ግን የለበትም፤ ስለዚህ ዋሻውን ከሕዝቅያስ ጋር ያገናኘው ለረጅም ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ ነበር። በ2003 የታተመ ጥናት በዋሻው ልስን ውስጥ የተገኙትን የተክል ቅሪቶች በካርቦን መርምሮ ዕድሜያቸው ወደ 700 ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። በኢየሩሳሌም የአይሁድ ሠፈር ደግሞ ናሕማን አቪጋድ ሰባት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅጥር ቆፍሮ አውጥቷል፤ ቅጥሩ በመኖሪያ ቤቶች ፍርስራሽ ላይ አልፏል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 22 ቅጥሩን ለማጠናከር ቤቶችን አፈረሳችሁ ብሎ የሚወቅሳቸውን ሰዎች የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ቅጥር ሲያይ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። በይሁዳ ከተሞች ሁሉ ደግሞ እጀታቸው ላይ «ለንጉሥ» የሚል ማኅተም የታተመባቸው ትልልቅ እንስራዎች ተገኝተዋል። የስንቅ ማከማቻ መሆናቸው ከሁሉ የሚቀርበው ግምት ነው።

ሰናክሬም አስቀድሞ ባቢሎንን አስገበረ። በ701 ወደ ምዕራብ ዞረ።

አሁን ጠላት ራሱ ምን አለ? ሰናክሬም ዘመቻዎቹን ባለ ስድስት ጎን በሆኑ የሸክላ ዓምዶች ላይ አስጽፏል። ከእነርሱ አንዱ በነነዌ በ1830 ተገኝቶ ዛሬ በለንደን የብሪታኒያ ሙዚየም አለ፤ ሌላው ቺካጎ፣ ሌላው ኢየሩሳሌም ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ዘመቻው ካለቀ በአንድ ዓመት ውስጥ የተጻፈ ቅጂም አለ። የሚሉት አንድ ነው፦ ይሁዳዊው ሕዝቅያስ አልገዛም አለ፤ 46 የተመሸጉ ከተሞቹን በአፈር ድልድል (ወደ ቅጥሩ ሽቅብ በሚያወጣ ቁልል) እና በመደርመሻ ግንድ ወሰድኩ፤ 200,150 ሰው ማረክሁ፤ እርሱን ራሱን በንጉሣዊ ከተማው በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት፤ ከተሞቹን ቆርሼ ለአዛጦን፣ ለአቃሮንና ለጋዛ ነገሥታት ሰጠሁ። በመጨረሻም ሕዝቅያስ ወደ ነነዌ የላከውን ግብር ይዘረዝራል። የወርቁ መጠን 30 መክሊት ነው።

እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በኢየሩሳሌም የተጻፈው መጽሐፍ 30 መክሊት ወርቅ ይላል፤ በነነዌ የተጻፈው ሸክላ 30 መክሊት ወርቅ ይላል። ሸክላው ከመሬት እስኪወጣ ድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ማንም አላነበበውም፤ አንዱ ከሌላው ሊገለብጥ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። በብሩ ይለያያሉ፤ መጽሐፉ 300 ሲል ሸክላው 800 ይላል። ለዚህ ልዩነት የተሰጠው ማብራሪያ ብዙ ነው፦ የሚዛን ልዩነት፣ የአሦር ጸሐፊ ግነት፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከኋለኛው ጋር መደመር። እኔን አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አያሳምኑኝም፤ ልዩነቱን ለመድፈን መጣደፍም አያስፈልግም። አንድ መክሊት ወደ 30 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ወደ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ወርቅ ከአንዲት ትንሽ ተራራማ መንግሥት እንደወጣ ሁለቱም ወገን መስክሯል። ይህን ያቆየልን ደግሞ በዓል የሚደረግለት የድል ትረካ አይደለም፤ አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የንጉሡን ውርደት በደረቁ የመዘገበባቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

የአሦሩንም ሰነድ እንዳለ መዋጥ አይገባም። 200,150 የሚለው የምርኮ ቁጥር ብዙ ሊቃውንትን አላሳመነም፤ የይሁዳ ሕዝብ በሙሉ ያን ያህል መሆኑም ያጠራጥራል። ሰናክሬም ለአማልክቱና ለዘሮቹ ክብሩን የሚያውጅ ንጉሥ ነው፤ ሽንፈት ቢደርስበት ሸክላ ላይ አያስጽፍም። ስለዚህ የሚናገረውን ያህል የማይናገረውም ሊነበብ ይገባል። የማይናገረውም ይህ ነው፦ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ አይልም። አመፀኛውን ንጉሥ ከዙፋኑ አወረድሁ አይልም። የአስቀሎናን ንጉሥ ከነቤተሰቡ አግዞ ሌላ ሾሟል፤ የሲዶናው ባሕር ተሻግሮ ሸሽቷል፤ ሕዝቅያስ ግን በቦታው ቀረ።

ሌላም አለ። ለ46ቱ ከተሞች የአፈር ድልድል እንደሠራ በኩራት ይናገራል፤ ስለ ኢየሩሳሌም ግን ምሽግ ሠርቶ ከበሩ የሚወጣውን እንደመለሰ ብቻ ነው የሚለው። በምዕራፍ 19 ቁጥር 32 የኢሳይያስ ቃል የአሦር ንጉሥ ወደዚህች ከተማ ፍላጻ አይወረውርም፣ አፈርም አይደለድልባትም ይላል። ጠላትና ነቢይ በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው፤ ከተማዋ ታግዳለች፣ ድልድል ግን አልተሠራባትም።

ድልድሉ የተሠራባት ለኪሶ ናት።

ስለ ለኪሶ መናገር ስጀምር ማቆም ይከብደኛል። ከኢየሩሳሌም ቀጥላ የይሁዳ ትልቋ ምሽግ ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠራት የሰናክሬም ሰፈር ያለባት ቦታ አድርጎ ነው፤ መልእክተኞች ወደ ለኪሶ ይሄዳሉ፣ ሠራዊት ከለኪሶ ይነሣል። ምን እንደደረሰባት ግን አይተርክልንም። የተመሸጉት ከተሞች ሁሉ ተያዙ በሚለው አንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቃልላ ቀርታለች።

የተረኳት ያቃጠሏት ሰዎች ናቸው። ሰናክሬም በነነዌ ባሠራው ቤተ መንግሥት መካከል አንድ ክፍል ሙሉ በለኪሶ ከበባ የድንጋይ ቅርጽ አስለብጧል፤ ኦስተን ሄንሪ ሌያርድ በ1840ዎቹ ቆፍሮ አወጣው፤ ዛሬ ለንደን ነው። ግንድ የተገጠመላቸው ማሽኖች በድልድሉ ላይ ሽቅብ ይገፋሉ፤ ከቅጥሩ ላይ ችቦና ድንጋይ ይወረወራል፤ በአንድ በኩል ሰዎች በእንጨት ላይ ተሰክተዋል፤ በሌላ በኩል ቤተሰቦች ዕቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው፣ ሕፃናት በጋሪው ላይ ተቀምጠው፣ ሴቶች ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ። ሰናክሬም በዙፋኑ ተቀምጧል፤ አጠገቡም የለኪሶ ምርኮ በፊቱ እንዳለፈ የሚናገር ጽሑፍ አለ። የንጉሡ ፊት በኋላ ዘመን ሆነ ተብሎ ተፈልጦ ጠፍቷል።

ቅርጹ ከመሬቱ ጋር ይመሳከራል። ለኪሶ ዛሬ በደቡብ እስራኤል የሚገኝ ጉብታ ነው። በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርኪ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዴቪድ ኡሲሽኪን ቆፍረውታል። በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን በኩል የአሦር የድንጋይ ድልድል ወጥቷል፤ በጥንታዊው ምሥራቅ ዓለም ከተቆፈሩት የከበባ ድልድሎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከቅጥሩ በስተውስጥ ደግሞ ነዋሪዎቹ በጥድፊያ የከመሩት የመከላከያ ድልድል አለ። በመቶ የሚቆጠሩ የፍላጻ ጫፎች፣ የወንጭፍ ድንጋዮችና የተቃጠሉ ቤቶች አመድ ተገኝቷል፤ በአመዱም ውስጥ «ለንጉሥ» የሚለው ማኅተም ያለባቸው እንስራዎች ተሰባብረው። ሕዝቅያስ ለከበባ ያዘጋጀው ስንቅ እዚያው ከበባው ላይ አብሮ ጠፋ። በከተማዋ አቅራቢያ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች አፅም ተከምሮ ተገኝቷል፤ ሴቶችና ሕፃናት አሉበት። ከዚህ ከበባ ጋር መያያዙ ያከራክራል፤ ብዙዎች ግን ያያይዙታል።

ንጉሥ የሚያሳየው ትልቁን ድሉን ነው። ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ቢይዝ ኖሮ በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ የምናየው ኢየሩሳሌምን በሆነ ነበር።

ስለ ራፋስቂስ ንግግር በአጭሩ ልናገር። ከራፋስቂስ ጋር የተላከው ሹም ተርታን ይባላል፤ ተርታንም ራፋስቂስም ከአሦር መዛግብት የምናውቃቸው እውነተኛ የሹመት ስሞች ናቸው። የሕዝቅያስ ሹማምንት ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ ተናገረን ብለው መለመናቸውም ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ አራማይክ በአሦር ግዛት የአስተዳደር ቋንቋ ሆኖ ነበር። ከዚህ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ፣ በጥንታዊቷ የአሦር ከተማ በኒምሩድ የተገኘ የአሦር ደብዳቤ ደግሞ ሹማምንት በባቢሎን በር ፊት ቆመው ነዋሪዎቹ ከአመፀኛው እንዲለዩ እንዴት እንዳባበሉ ይዘግባል። በር ላይ ቆሞ ሕዝብን ከመሪው መነጠል የአሦር የጦር ስልት ነበር። የራፋስቂስ ቃላት አንድ በአንድ ተመዝግበዋል አልልም፤ ያን ጊዜ የነበረ ሰው የሚያውቀውን ትዕይንት ነው የምናነበው እላለሁ።

ቲርሐቅን ያላነሣ ሰው ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ባለዕዳ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊወጋው እንደመጣ ሰናክሬም ሰማ ይላል። ይህ ሰው ግብፅን በገዛው በ25ኛው ሥርወ መንግሥት የነበረው የኩሽ ንጉሥ ታሃርቃ ነው፤ መናገሻው በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን በዓባይ ዳር ያለችው ናፓታ ነበረች። ኑሪ ላይ የተቀበረበት ፒራሚድ ዛሬም ይታያል። የሰናክሬም ሸክላም ኤልተቄ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ነገሥታትና ከኩሽ ንጉሥ ፈረሰኞች ጋር እንደተዋጋ ይናገራል፤ ስለዚህ የኩሽ ሠራዊት ወደ ፍልስጥኤም ምድር መውጣቱ አያጠራጥርም። ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ታሃርቃ የነገሠው በ690 ነው፤ በ701 ልዑል እንጂ ንጉሥ አልነበረም። በሱዳን፣ ካዋ በተባለ ስፍራ የተገኙት የድንጋይ ጽሑፎቹ በሃያ ዓመቱ ንጉሡ ጠርቶት ከሠራዊት ጋር ወደ ሰሜን እንደወረደ ይናገራሉ፤ ጦር ለመምራት አልደረሰም የሚለው የቀድሞ ክርክር አሁን ወድቋል። መጽሐፉ በኋላ ባገኘው ማዕረግ ጠራው ማለት ነው፤ ይህም ታሪኩ የዛሬ መልኩን ያገኘው ከነገሠ በኋላ መሆኑን ይጠቁማል። በዚህ ስም ምክንያት ሰናክሬም ሁለት ጊዜ ዘምቷል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሁለተኛ ዘመቻን የሚጠቅስ የአሦር ጽሑፍ ግን የለም።

ከዚህ የሚከብድ ችግር ምዕራፍ 18 ቁጥር 13 ላይ አለ። ዘመቻው በሕዝቅያስ 14ኛ ዓመት ሆነ ይላል። ያው ምዕራፍ ግን ሰማርያ የወደቀችው በ6ኛ ዓመቱ ነው ይላል። ሁለቱ አብረው አይቆሙም፤ ከ722 ስምንት ዓመት ብንቆጥር 714 ላይ እንደርሳለን እንጂ 701 ላይ አንደርስም። የተለያዩ ምንጮች ተሰፍተው የቀሩበት ስፌት ይታያል። መጽሐፉን የምወድ ሰው ስለሆንሁ ስፌቱን መደበቅ የለብኝም።

የሰናክሬም ሞትስ? መጽሐፉ ተመልሶ ሄደ ካለ በኋላ ወዲያው ልጆቹ አደራሜሌክና ሳራሳር ገደሉት ይላል። በመካከሉ ሃያ ዓመት አለ፤ የተገደለው በ681 ነው። የባቢሎን ዜና መዋዕል ልጁ በአመፅ እንደገደለው ይመሰክራል። ሲሞ ፓርፖላ በ1980 አንድ የተሰባበረ የአሦር ደብዳቤ በትክክል አንብቦ የገዳዩ ልጅ ስም አርዳ ሙሊሱ እንደነበር አሳየ፤ አደራሜሌክ የዚሁ ስም የተዛባ ቅጂ መሆኑን ዛሬ አብዛኞቹ ይቀበላሉ። አልጋ ወራሹ አስራዶንም ወንድሞቹ ወዳልታወቀ አገር እንደሸሹ ጽፏል። የተገደለበት ቤተ ጣዖት አምላክ የተባለው ናሳራክ ግን በአሦር ጽሑፎች ውስጥ በዚህ ስም አይታወቅም።

ቀርቶ የቆየው 185,000 ነው። ሄሮዶቱስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በግብፅ የሰማውን ጽፏል፤ የሰናክሬም ሠራዊት በግብፅ ድንበር ሲሰፍር አይጦች በሌሊት የፍላጻ አፎቱንና የቀስቱን ጅማት በሉበት ይላል። አይጥን ከወረርሽኝ፣ ወረርሽኝን ከመልአኩ ጋር አያይዘው ምስጢሩ ተፈታ የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የሄሮዶቱስ ታሪክ ቦታውም፣ ንጉሡም፣ አምላኩም ሌላ ነው፤ ወረርሽኝ የሚል ቃልም የለበትም። መልአክን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስተባብል ቁፋሮ የለም፤ ያ የእምነት ስፍራ ነው። ታሪክ ሊል የሚችለው ሰናክሬም ከተማዋን ሳይዝ መመለሱን፣ ሕዝቅያስ በዙፋኑ መቅረቱን፣ በከተማዋ የነበሩ ሰዎችም ይህን መዳን ከሰው አቅም በላይ አድርገው መቁጠራቸውን ነው። በዙሪያቸው 46 ከተሞች ሲነዱ ላዩ ሰዎች እንዴት ሌላ ሊመስላቸው ይችላል?

ነገር ግን መዳኑ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የጻፉት ደግሞ ሦስቱ ቁጥሮች ናቸው። ከዘመቻው በኋላ የይሁዳ ምዕራባዊ ቆላ ለብዙ ጊዜ አላገገመም። የሕዝቅያስ ልጅ ምናሴ ለአስራዶን የቤተ መንግሥት ሥራ ዕቃ ወደ ነነዌ እንዲያጓጉዙ ከታዘዙት 22 ነገሥታት መካከል በስሙ ተዘርዝሯል። አሦር አልተሸነፈችም፤ ይሁዳ ገባር ሆና ቀጠለች።

ይህ ግብር እየተረሳ ሌሊቱ ብቻ ሲታወስ የሆነውን ከትንቢተ ኤርምያስ እናነባለን። ከመቶ ዓመት በኋላ የኢየሩሳሌም ሰዎች የእግዚአብሔር መቅደስ ነው እያሉ ከተማዋ ልትወድቅ እንደማትችል ይተማመኑ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ይህን መተማመን ከ701 ትዝታ ጋር ያያይዙታል። ኤርምያስ በምዕራፍ 7 በዚህ ቃል አትታመኑ ብሎ በመቅደሱ በር ላይ ጮኸ፤ ለዚህም ሞት ይገባዋል ተባለ። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ሲመጣ በምዕራፍ 34 እንደተጻፈው ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ነበሩ። በ1935 በለኪሶ በር ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ የወታደሮች ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ አንዱ የለኪሶን የእሳት ምልክት እንጠባበቃለን፣ ዓዜቃን ግን አናይም ይላል። በዚያ ከበባ ለኪሶ ለሁለተኛ ጊዜ ነደደች፤ ኢየሩሳሌምም አብራ።